ተቅማጥ ይዞት የሚሄደው ጨው

አባቶቼና እናቶቼ! ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሩ ይደርቃል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ውሃ ስጡት እንላለን። ደግ ነው፤ ግን አይበቃም። ከውሃው ጋር ጨውም አብሮ ይወጣል። አንዱ ጨው የምናውቀው የወጥ ጨው ነው። ሌላው ፖታሲየም ይባላል። አሞሌ ቢሆን የገበያ ጨው ይህንን አይተካም።

አብሽሩ፣ የሚከብደው ስሙ ብቻ ነው። በጓሯችን ጎመን፣ በደጋው ባቄላና ድንች፣ ከሐይቅ በሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ፣ በሙዝና በብርቱካንም አለ። የምድጃ አመድ እንኳ አለው፤ ፈረንጆች ስሙን ያወጡለት አመድ በድስት ዘፍዝፈው ከሚያገኙት ጨው ተነሥተው ነው። አመዱን ግን ለልጅ እንዳትሰጡ፣ ያቃጥላል።

ታዲያ ሥራው ምንድነው? ጡንቻ የሚታዘዘው በእርሱ ነው። ልብም ጡንቻ ነች። አዋቂ ሰው በቀን 3 ግራም ተኩል ያህል ያስፈልገዋል። ሲጎድል እጅና እግር ይዝላል፣ ሆድ ይነፋል፣ የልብ ምት ይዛባል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ አንገቱን ማቅናት ሲያቅተውና ሆዱ ሲነፋ፣ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ብላችሁ አትተዉት።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በወሎ መጠለያዎች ያለቁትን ሕፃናት ሁሉ ረሀብ ብቻውን አልገደላቸውም፤ ተቅማጥም ነበረበት። በ1938 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ዳንኤል ዳሮው የሚባል የሕፃናት ሐኪም ለተቅማጥ ሕሙማን በሚሰጠው ፈሳሽ ላይ ፖታሲየም ቢጨምርበት፣ የሚሞቱት በብዙ ቀነሱ። ዛሬ ከጤና ኬላ በምናገኘው ኦ.አር.ኤስ. ዱቄትም አለበት። በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጠው ፓኬት 1.5 ግራም የፖታሲየም ጨው ይዟል።

ፓኬቱን ከመቅደዳችሁ በፊት አንብቡት። ፊደሉን አውቃችሁ የለ! ለ1 ሊትር ነው ወይስ ለግማሽ? ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳል፤ ከበዛም ይቀጥንና አይረዳውም። በግምት አይሆንም፤ ልኩ የተጻፈበት ሃይላንድ ይሻላል። ውሃው ከምንጭም ከሐይቁም ቢቀዳ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት።

ጡት አይቋረጥ። በአንዳንድ ቤት «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ልጁ ምግብ ይከለከላል። በእኔ አስተያየት ከልማዳችን ሁሉ ክፉው ይኸ ነው፤ የወጣው ጨው በምን ሊተካ ነው? ከ6 ወር በላይ የሆነው ልጅ የላመ ድንች፣ ሙዝ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ይብላ።

የጎመኑን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። ፖታሲየሙ በውሃው ሟሙቶ አብሮ ተደፋ ማለት ነው! በጥቂት ውሃ ቀቅሉትና ውሃውን እዚያው ወጡ ውስጥ ተዉት። ድንችም ከነልጣጩ ተቀቅሎ ኋላ ቢላጥ የሚጠፋው ያንሳል። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ፖታሲየም በደሙ ሊጠራቀምበትና ልቡን ሊያቆምበት ስለሚችል፣ የሚበላውን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ቤት አታሳድሩት። መዋጥ ከቻለ የተበጠበጠውን በመንገድ እያጠጣችሁት በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።