አስኳሉ ሳይፈርስ እንቁላል እንዴት ይጠበሳል?

እንቁላል ፍርፍር ለሚሠራ ሰው የአስኳሉ መፍረስ አያሳስበውም። አስኳሉን እንደ ክብነቱ መጥበስ ግን ጥንቃቄ ይሻል።

ቀዳሚው ጉዳይ የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። እንቁላል ሲሰነብት ከነጩ ክፍል ውሃ ወደ አስኳሉ ይሰርጋል፤ አስኳሉን የያዘው ስስ ሽፋንም ይላላል። ውሃ ውስጥ ሲገባ በጎኑ የሚተኛው እንቁላል አዲስ ነው፤ የሚቆመው ግን ሰንብቷል።

እንቁላሉን በመጥበሻው ጠርዝ ሳይሆን በጠፍጣፋ ነገር ላይ መምታት የቅርፊቱ ስባሪ አስኳሉን እንዳይወጋው ይረዳል። በመጀመሪያ ወደ ስኒ ገልብጦ፣ ከዚያ ዘይት ወይም ቅቤ ወደ ሞቀበት መጥበሻ ዝቅ አድርጎ ማንሸራተት ይመረጣል።

ነጩ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉ የሚጠነክረው ግን 70 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱ ከበረታ የነጩ ሥር ሲያር ላዩ ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ በመካከለኛ እሳት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምሮ መክደን ይበጃል፤ እንፋሎቱ ላዩን ስለሚያበስለው መገልበጥ አያስፈልግም።

ያልረጋ አስኳል ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክሩ እንዲበስሉ ይመክራል። የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በበኩሉ ከ2017 ጀምሮ የአንበሳ ምልክት ያለባቸውን የአገሩን እንቁላሎች ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ጭምር አስኳሉ ሳይረጋ ሊመገቧቸው እንደሚችሉ ይገልጻል። ከመጥበስዎ በፊት የሚኖሩበትን አገር መመሪያ ማወቅ ተገቢ ነው።