ራሳቸውን የጻፉ ታላላቆች

ገድል የጻድቁን፣ ዜና መዋዕል የንጉሡን ሕይወት በግእዝ ሲተርኩ ዘመናት አልፈዋል። ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ ጻፉ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን እንዲሁ። ጸሐፊው የንጉሥ ባለሟል ሲሆን ግን አንባቢ የሚደርሰው ቤተ መንግሥቱ እንዲታወቅለት የፈለገው ነው። ባለታሪኩ ራሱ ብዕር ያነሣበት ግለ ታሪክም ከአድልዎ አልጸዳም። እኔ ግን ግለ ታሪክን የምወደው በዚሁ አድልዎ ነው። ሰው ራሱን ለመከላከል ሲጽፍ፣ የትኛውን ክስ እንደሚፈራ ሳያውቀው ይነግረናል።

ለዚህ ከ1928 ዓ.ም. ሽንፈት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የጻፉት በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ነው። ታትሞ የወጣው ግን በ1965 ዓ.ም.፣ አብዮቱ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። ከማይጨው በኋላ አገር ለቅቀው ወደ ጄኔቭ ለአቤቱታ መሄዳቸውን የሚያስረዱበትን ክፍል ደጋግሞ ማንበብ ይገባል። ምክንያቱም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህን ጉዞ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። በሩሲያ የተማሩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ከንጉሡ መጽሐፍ አስከትሎ ላነበበ፣ የሚያውቀው ዘመን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣበታል።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከንጉሡ፣ ያኔ ከተፈሪ መኮንን፣ ጋር አብረው ያደጉ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ንጉሡ ሲሰደዱ እርሳቸው በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው ተማረኩ፤ ጣሊያን አገርም ታሰሩ። መጽሐፋቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» እንግዲህ አብሮ ያደገ፣ አብሮ ግን ያልተሰደደ ሰው ቃል ነው። ከእርሳቸው ጋር የዘመቱትና የተማረኩት ሀዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ»ን ጽፈዋል።

የሚያሳዝነኝ መዘግየቱ ነው። ተክለ ሐዋርያት በ1969፣ ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. አረፉ። መጻሕፍታቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተሙት በ1999 እና በ2002 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ጸሐፊውን መጠየቅ የሚችልም፣ ተወቅሻለሁ ብሎ የሚመልስም አብዛኛው አልፎ ነበር።

የደርግ ሹማምንት መጻሕፍት የወጡት ግን የበደል ከሳሾቻቸው በሕይወት ሳሉ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ሆነው «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. አወጡ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ («እኛና አብዮቱ») እና ፍስሐ ደስታ («አብዮቱና ትዝታዬ») ከሃያ ዓመት እስር በኋላ ተከተሉ። እነዚህን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሯቸው። ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑበትን የኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ፈልጉ፤ ከዚያም ግሶቹን ተመልከቱ። «ወሰንኩ» ይላል? «ወሰንን» ይላል? ወይስ ወሳኙ ሳይታወቅ «ተወሰነ» ይላል?

ከዚያው ዘመን የታሳሪዎቹ መጻሕፍትም አሉ፤ የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» እና የታደለች ኃይለ ሚካኤል «ዳኛው ማነው?» የሴቶች ግለ ታሪክ በመደርደሪያችን ላይ ጥቂት ስለሆነ ብቻ አይደለም የማነሣቸው። ሹማምንቱ በዘመቻና በጉባኤ የሚቆጥሩትን ዓመት እነርሱ በእስር ቤት ቀንና ሌሊት ይቆጥሩታል።

ሌላ ሰው አጥንቶ የሚጽፈው የሕይወት ታሪክ ግን ገና ስስ ነው። ደራስያን ይሻላሉ። ዘነበ ወላ በ«ማስታወሻ» ስብሃት ገብረ እግዚአብሔርን አስነብቦናል፤ እንዳለጌታ ከበደም በ1976 ዓ.ም. የደረሰበት የጠፋውን በዓሉ ግርማን። የሚኒስትሮችና የጄኔራሎች ሲሆን ግን ብዙው የሙት ዓመት ውዳሴ ነው። ደብዳቤውም የግል ማስታወሻውም በቤተሰብ ሣጥን ተቆልፎ ከቀረ አጥኚው በምን ይጻፍ? ልጆችና የልጅ ልጆች ቅጂውን እንኳ ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቢሰጡ፣ ቀጣዩ ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምርበት ያገኛል።