«ዳዊት ደገመበት»

ቡታጅራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ የሚኖርባት የጉራጌ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች መካከል 178ቱ ስለ ሕመሙ ተጠይቀው፣ መልሳቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። 27 ከመቶው ሕመሙን ከሰው አቅም በላይ ከሆነ ኃይል ጋር አያያዙት። ምን ይሻላል ሲባሉ 65 ከመቶው ጸሎት አሉ። ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግሞ በዚሁ ሕመም ሰበብ ቤተሰቡ እንደሚገለል ተናገሩ።

ለክርስቲያኑ ጸሎት ሲባል ቀድሞ ከእጁ የሚገባው ዳዊት ነው። ኦርቶዶክሳዊው አሥሩን መዝሙር አንድ «ንጉሥ» እያለ፣ 150ውን ለሳምንቱ ቀናት አከፋፍሎ ይደግማል። ወልቂጤ ላይ የአዳር ጸሎት የሚቆመው ፕሮቴስታንት በአማርኛ ያነበዋል። ቁጥሩ ይለያያል እንጂ መጽሐፉ አንድ ነው፤ ይኼኛው 91 የሚለው መዝሙር በግእዙ 90 ነው።

ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ሲነሣ ብዙዎች የሚገልጡት ይህንኑ መዝሙር ነው። ትራስ ሥር ይቀመጣል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማቴዎስና ሉቃስ ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ጽፈዋል፤ ሰይጣን ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰለት ከዚሁ መዝሙር ነው። ቃሉን መጥራት ብቻውን ጋሻ ቢሆን ኖሮ ፈታኙ አፉን ባልከፈተበት ነበር።

ውጊያው ታዲያ ከማን ጋር ነው? በ3ኛው መዝሙር ርእስ ላይ ዳዊትን የሚያሳድደው የገዛ ልጁ አቤሴሎም ነው። በግእዙ 50ኛው ላይ ጠላቱ የራሱ ኃጢአት ነው፤ ከነቢዩ ናታን ተግሣጽ በኋላ የተጸለየ ነውና። መዝሙረኛው ፈራሁ፣ ደከመኝ፣ ለምን ተውኸኝ ይላል፤ የሚለውም ለእግዚአብሔር ነው። ከርኩስ መንፈስ ጋር ቆሞ ሲሟገት አናገኘውም።

ያም ሆኖ ዳዊትን ጎረቤት ላይ የሚያነጣጥር አለ። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ንብረት የነካን በመብረቅ ይቀጣል ተብሎ ስለሚፈራው የነጎድጓድ አምላክ ስለ ቦዠ ጽፏል። «ዳዊት ደገመበት» የሚለው የአማርኛ አነጋገርም ያንን መብረቅ ያስታውሳል። ለዚህ የሚመረጠው በግእዙ 108ኛው ነው፤ እርግማኑ ከባድ ነው። ሆኖም ተበዳዩ በቀሉን ለፈራጁ አስረክቦ ራሱን ምስኪንና ድኻ ይላል። ዳዊትም የሚያሳድደውን ንጉሥ ሳኦልን በዋሻ ውስጥ ብቻውን አግኝቶት የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ለቀቀው እንጂ አልገደለውም።

ይህን የዘነጋ ውጊያ ዱላው የሚያርፈው በታማሚው ላይ ነው። ጋኔን አለበት ተብሎ የታሰረ ልጅ የቤቱ ጠላት ይመስላል፤ መድኃኒት መውሰዱም የእምነት ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል። ከመዝሙራቱ አንዱም ይህን አያዝዝም። በግእዙ 87ኛው እስከ መጨረሻው ከጨለማ አይወጣም፤ ወዳጆቹ የራቁት ሰው ጩኸት ነው። ቤተሰቡ ልጁን ከእስሩ ፈትቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ይህን መዝሙር ከእርሱ ጋር ሊጸልየው ይችላል። ሲነጋ ደግሞ አብረው ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል ይውረዱ።