የትምህርት ቤት ግቢ በፎቶ፦ የዳላስ ወላጅ ከጉብኝቱ በፊት የሚያየው

እሑድ ነው። ጋርላንድ ውስጥ አንድ ቤት ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቷል። እናት ስኒዋን አስቀምጣ በስልኳ የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ከፍታለች። ጽሑፉን ገና አላነበበችም፤ ፎቶዎቹን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ታያለች። መጀመሪያ የምትፈልገው የልጆቹን ፊት ነው፦ ልጇን የሚመስል ልጅ አለ? ቀጥሎ የክፍሉን መስኮት፣ የመምህሯን አቋቋም፣ የአጥሩን በር ታያለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ወይ ለጉብኝት ይታጫል፣ ወይ ይታለፋል።

በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ትምህርት ቤት መምረጥ የቤተሰብ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጋርላንድ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ወላጆች የሚፈልጓቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል እንዲመርጡ ያደርጋል። የዳላስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ደግሞ በማመልከቻ የሚገባባቸው ማግኔት ትምህርት ቤቶች አሉት። ከግሉ በኩል በ1913 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የተመሠረተው የሴቶች ትምህርት ቤት ሆካዴይ፣ የወንዶቹ ሴንት ማርክስ፣ በ1950 የተከፈተው ግሪንሂል እና በ1962 የተከፈተው፣ ዛሬ በኧርቪንግ ያለው ሲስተርሺያን ይገኛሉ። በግንቦት 2025 ደግሞ የቴክሳስ ገዥ ግሬግ አቦት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚውል የመንግሥት ድጋፍ ሕግ ፈርመዋል። 1 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ይህ ድጋፍ የሚጀምረው ከ2026–27 የትምህርት ዘመን ነው። ከዚህ በፊት የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ከፍቶ የማያውቅ ወላጅም አሁን ይከፍታል ማለት ነው። ከፍቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ፎቶ ነው።

ከፖስትካርድ እስከ ሰማይ

በዳላስ የትምህርት ግቢን በፎቶ ማስተዋወቅ የቆየ ሥራ ነው። የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ በ1915 ሲከፈት የነበረው ዋና ሕንፃ ዳላስ ሆል በጉልላቱና በአምዶቹ የፖስትካርድ ተወዳጅ ሆነ። በዙሪያው ያለው መሬት ያኔ ገላጣ ሜዳ ነበር። ፖስትካርዱን ያየ የገጠር ቴክሳስ ወላጅ ግን የሚያስታውሰው አምዶቹን ነው። ሕንፃውን ከፊት ለፊት፣ ከመሐል፣ ከፍ አድርጎ የማንሳት ልማድ ከዚያ ዘመን አንስቶ እስከ ዛሬው የትምህርት ቤት ብሮሸር ዘልቋል።

ቀጥሎ የመጣው ከሰማይ የሚታየው ፎቶ ነው። የዳላሱ ፎቶ አንሺ ስኳየር ሃስኪንስ ከተማዋንና አካባቢዋን ለአሥርት ዓመታት ከአውሮፕላን ላይ አንስቷል፤ ስብስቡ ዛሬ አርሊንግተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ግቢን ከላይ ለማሳየት አውሮፕላን መከራየት ግድ ነበር። ዛሬ ያንኑ ሥራ የጫማ ሳጥን የምታህል ድሮን ትሠራዋለች።

የትምህርት ቤት ፎቶ ግን ለማስተዋወቅ ብቻ አልዋለም። በ1950ዎቹ የዳላስ ጥቁሮችን ሕይወት በካሜራ የመዘገበው አር. ሲ. ሂክማን ለጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤንኤኤሲፒ ይሠራ ነበር። የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶች ልዩነት ለፍርድ ቤት ክርክር በማስረጃነት እንዲቀርብ ሕንፃዎቹን አነሳ። «የተለያዩ ግን እኩል ናቸው» የሚለውን አባባል የእሱ ፎቶዎች በጡብና በወለል ተከራከሩት። ኔጋቲቮቹ አሁን ኦስቲን በሚገኘው ብሪስኮ የታሪክ ማዕከል ተጠብቀዋል።

በዚያው ዘመን፣ በ1956፣ ከዳላስ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ማንስፊልድ ሌላ ፎቶ ተነሳ። ፍርድ ቤት ጥቁር ተማሪዎች ወደ ከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሲያዝ፣ ተቃዋሚዎች ከሕንፃው መግቢያ በላይ በጥቁር ሰው አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት ሰቀሉ። ከሥሩ የቴክሳስ ሬንጀር የተባለው የግዛቱ ፖሊስ አባል ዛፍ ተደግፎ ቆሟል። ያ ፎቶ አገር ምድሩን አዳረሰ። የትምህርት ቤት በር የሚታይበት ምስል «ኑ» ማለት እንደሚችል ሁሉ «አትምጡ» ማለትም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የማንስፊልድን በርና የዛሬውን የትምህርት ቤት ድረ ገጽ የሚያገናኛቸው ይህ ነው፦ ወላጅ ከፎቶው ላይ የሚያነበው ልጄን ይቀበሏታል ወይ የሚለውን ነው።

ጡብ፣ ድንጋይና ብርሃን

አንዳንድ ግቢ ራሱ ለካሜራ የተዘጋጀ ይመስላል። በዳላስ መሐል ከተማ የሚገኘው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት አሮጌ ሕንፃው በ1922 የተከፈተው ለጥቁር ተማሪዎች ነበር። በ1976 የኪነ ጥበብ ማግኔት ሆነ፤ በ2008 በብራድ ክሎፕፊል ቢሮ የተነደፈ አዲስ ሕንፃ ተጨመረለት። አሮጌውን ፊት ከአዲሱ ጋር በአንድ ፎቶ ማስገባት የቻለ ባለሙያ መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ያለ መግለጫ ጽሑፍ ነግሯል።

በኧርቪንግ ሲስተርሺያንን የመሠረቱት ከኮሚኒስት ሃንጋሪ የተሰደዱ መነኮሳት ናቸው። በ1992 የተመረቀው የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ከሸካራ ትላልቅ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉን ያወጣው ጋሪ ከኒንግሃም የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረ አርክቴክት ነው። ጣሪያው ከግድግዳው በመስታወት ስለተለየ ብርሃን በጠርዙ ይፈስሳል። እዚያ የሚገባ ፎቶ አንሺ ፍላሹን በቦርሳው ይተዋል፤ መቆሚያውን ተክሎ፣ ካሜራው ብርሃኑን በዝግታ እንዲስብ አድርጎ ይጠብቃል።

አብዛኛው ትምህርት ቤት ግን ተራ የጡብ ሕንፃ ነው፤ የባለሙያው ፈተናም የሚጀምረው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ብዙም አትርቅም። ዳላስ ግን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሕንፃ ወራቱን በሙሉ በጥላ ያሳልፋል። ሰሜናዊው ግድግዳ ጥሩ ብርሃን የሚያገኘው ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ በማለዳና በምሽት ነው፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ተዘግቷል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሁለት ምርጫ አለው፦ ብሩህ ግን ባዶ ግቢ፣ ወይም ጥላ ያለበት ግን ልጆች የሞሉበት ግቢ። አስተዋይ ፎቶ አንሺ ሁለተኛውን ወስዶ ሰማዩ ሳስ ያለ ደመና የለበሰበትን ቀን ይጠብቃል፤ ያኔ ጥላውም ብርሃኑም ይለዝባል።

ሣሩም የራሱ ወቅት አለው። በሰሜን ቴክሳስ በብዛት የሚተከለው ቤርሙዳ ሣር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እንደ ገለባ ይነጣል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚመስለው ላይቭ ኦክ የተባለው ዛፍ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጆችን በጥቅምትና በኅዳር ለኦፕን ሃውስ ጠርተው በመጋቢት ውሳኔ ስለሚያሳውቁ፣ ፎቶው ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ያለው ግቢ ሁልጊዜ ጥቅምት ወይም ሚያዝያ ነው። በጥር ለጉብኝት የመጣ ወላጅ ሣሩን አይቶ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ከበሩ ወደ ውስጥ

ጠባብ ክፍልን ሰፊ የሚያስመስለው ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ ነው። 16 ሚሊሜትር ሌንስ በአንድ ጥግ ቢቆም አራቱንም ግድግዳ ሊያሳይ ምንም አይቀረው፤ ነገር ግን በፎቶው ዳር ያለች ልጅ ፊቷ ይለጠጣል፣ ጠረጴዛው እንደ ጀልባ ይረዝማል። 24 ወይም 35 ሚሊሜትር የሚመርጥ ባለሙያ የክፍሉን ትክክለኛ ስፋት ያሳያል። ሕንፃን ከውጭ ሲያነሳ ካሜራውን ወደ ላይ ቢያዘነብል ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፤ ለዚህ ቲልት ሺፍት የሚባል ሌንስ ተሠርቷል፣ ወይም በኮምፒውተር ይታረማል።

ዝርዝሩ ብዙ ነው። የጣሪያው መብራት ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከሰጠ ይጠፋና በመስኮት ብርሃን ብቻ ይሠራል። ነጭ ሰሌዳው ላይ የልጆች ስም ከተጻፈ ይጠረጋል። ካሜራው በአዋቂ ዓይን ቁመት ሳይሆን በልጁ ደረት ቁመት ይያዛል፤ ያኔ የአንደኛ ክፍል ልጅ ከላይ የምትታይ ትንሽ ፍጡር መሆኗ ቀርቶ የፎቶው ባለቤት ትሆናለች። ጥሩ ባለሙያ ልጆቹ ካሜራውን እስኪረሱት ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያነሳ ይቀመጣል። አንድ ልጅ እርሳሱን እየነከሰ ሒሳብ የሚያስብበት ፎቶ ከአሥር የተደረደሩ ፈገግታዎች የበለጠ ይናገራል።

በ2020 ወረርሽኙ በሮችን ሲዘጋ፣ ጉብኝት ራሱ ወደ ምስል ተዛወረ። በ2011 የተመሠረተውን ማተርፖርትን የመሳሰሉ ኩባንያዎች መሣሪያ ወላጅ በስልኩ ከመተላለፊያ ወደ ቤተ ሙከራ «እንዲራመድ» አስችሎታል። ይህ አሠራር ከወረርሽኙ በኋላም አልጠፋም፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ወደ ዳላስ ለመዛወር ለሚያስብ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ የሚታየው አዳራሽ ጸጥ ያለና ሰው የሌለበት ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ያለ ጫጫታው ትምህርት ቤት አይደለም።

ፎቶ የማያሳየው

ከዳላስ በስተሰሜን የምትገኘው አለን በ2012 ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀና 18,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከፈተች። ፎቶው በመላው አገሪቱ ታየ። በየካቲት 2014 ስታዲየሙ ተዘጋ፤ ምክንያቱ የኮንክሪቱ መሰንጠቅ ነበር። ተጠግኖ የተከፈተው በ2015 ነው። አገሪቱን ያዳረሰው ፎቶ ግን ስንጥቁን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። በ2000 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በማዲሰን የማመልከቻ ቡክሌቱን ሽፋን ሲያዘጋጅ፣ በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ላይ ከተነሱ ነጭ ተማሪዎች መሐል የአንድ ጥቁር ተማሪን ፊት በኮምፒውተር አስገባ። ተማሪው ጨዋታው ላይ አልነበረም። ነገሩ ሲጋለጥ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፣ ቡክሌቱም እንደገና ታተመ። በ2013 የታተመ ጥናትም ከ10,000 በላይ የኮሌጅ ማስተዋወቂያ ፎቶዎችን መርምሮ፣ ጥቁር ተማሪዎች በፎቶ ላይ ከእውነተኛ ቁጥራቸው በላይ እንደሚታዩ አሳይቷል። የጋርላንዷ እናት ልጇን የሚመስል ፊት ስትፈልግ የምትተማመነው በዚህ ዓይነቱ ፎቶ ላይ ነው። የተታለለ ዓይን ደግሞ በመጀመሪያው የጉብኝት ቀን፣ ምሳ ቤቱ ውስጥ፣ እውነቱን ያገኘዋል።

የልጅ ፊት፣ የሰማይ ፈቃድ

በ1974 የወጣው የተማሪዎች መረጃ ሕግ ፌርፓ ፎቶን ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ አሳውቆ ሊያወጣቸው ከሚችላቸው መረጃዎች ውስጥ ያስገባዋል። ወላጅ ግን «የልጄ አይውጣ» ብሎ የመከልከል መብት አለው። በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ከሚሞሉት ብዙ ቅጾች መካከል ይህ ጥያቄ ይገኛል፤ እንግሊዝኛው የሚከብደው ወላጅ ሳያነብ የሚፈርመውም እሱኑ ነው። በጥንቃቄ የሚሠራ ትምህርት ቤት ለፎቶ አንሺው ያልተፈቀደላቸውን ልጆች ዝርዝር አስቀድሞ ይሰጣል፤ ስም ከፊት ጋር አያወጣም።

ድሮንም የራሷ ሕግ አላት። ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ለንግድ ሥራ የሚያበር ሰው ፈተና አልፎ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) በላይም በመርህ ደረጃ አይበርም። በዳላስ ደግሞ ታላቁ ዲ. ኤፍ. ደብሊው፣ ላቭ ፊልድና የአዲሰን አውሮፕላን ማረፊያ በዙሪያቸው ያለውን ሰማይ ይቆጣጠራሉ። እንደ ግሪንሂል አዲሰን ውስጥ ያለ ግቢን ከላይ ለማንሳት የሚሻ ባለሙያ ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት የአየር ክልሉን ካርታ ያያል፣ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከጉርድ ፎቶ የመጣ ዓይን

ኢትዮጵያዊ ወላጅ ወደዚህ ምርጫ የሚመጣው የራሱን ልማድ ይዞ ነው። በአዲስ አበባ የምዝገባ ወቅት ሲቃረብ የግል ትምህርት ቤቶች በአጥራቸው ላይ ባነር ይሰቅላሉ፤ ባነሩ ላይ በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ጉርድ ፎቶ ከነውጤታቸው ተደርድሯል። ሕንፃው ከባነሩ ጀርባ ተሸፍኖ ይቀራል። የዳላስ ትምህርት ቤት ደግሞ ውጤቱን በጽሑፍ መሐል አስገብቶ ግቢውን፣ ቲያትሩንና ሜዳውን ፊት ለፊት ያወጣል። አንደኛው «ልጅህ እዚህ ይደርሳል» ይላል፤ ሌላው «ልጅህ እዚህ ይውላል» ይላል። የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ወላጅ ፎቶውን አይቶ ውጤቱን ይጠይቃል፣ ውጤቱን ሰምቶ ደግሞ ልጁ የት ተቀምጦ ምሳ እንደሚበላ ይጠይቃል።

በጉብኝቱ ቀን የጋርላንዷ እናት ስልኳን አውጥታ የራሷን ፎቶ ታነሳለች። ድረ ገጹ ላይ የሌለውን ነው የምታነሳው፦ የአውቶቡስ ማቆሚያውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ የመተላለፊያውን ግድግዳ በልጆች ሥዕል እንደተሸፈነ። ማታ ጎንደር ላሉት እናቷ በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። አያት አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ቀድተው ይመልሳሉ፦ «ግቢው ደስ ይላል። ልጆቹስ የት ነው የሚጫወቱት?» የመጫወቻ ሜዳውን አላነሳችውም ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ልጆቹ ለእረፍት በሚወጡበት ሰዓት፣ መኪናዋን ከአጥሩ ማዶ አቁማ ትጠብቃለች።