ተጨማሪ መረጃ፦ ቆጣሪው ዞሮ ከዜሮ ሲጀምር

ማኔጅድ ስዊች መረጃ ከማስተላለፍ ጎን ለጎን ይቆጥራል። በእያንዳንዱ ፖርት ለገባና ለወጣ ባይት፣ ለተበላሸ ፍሬምም ሳይቀር ቆጣሪ አለው። የክትትል ሰርቨሩ እነዚህን ቆጣሪዎች በየጊዜው እየጠየቀ ያነባል። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ኤስኤንኤምፒ ይባላል፤ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው።

ኬብል ሲነቀል ግን ስዊቹ እስኪጠየቅ አይጠብቅም፤ ለሰርቨሩ ወዲያውኑ መልእክት ይልካል። ይህ ሳይጠየቅ የሚላክ ማስጠንቀቂያ «ትራፕ» ይባላል።

ቆጣሪውም ወሰን አለው። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ እስከ 4,294,967,295 ባይት ከደረሰ በኋላ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። በሙሉ አቅሙ በሚሠራ የ10 ሜጋቢት መስመር ይህ 57 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ1 ጊጋቢት መስመር ግን 34 ሴኮንድ ብቻ! ሰርቨሩ በየ5 ደቂቃው የሚያነብ ከሆነ፣ ቆጣሪው በሁለት ንባቦች መካከል ከስምንት ጊዜ በላይ ይዞራል። ሰርቨሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ የተጨናነቀው መስመር በግራፉ ላይ ሥራ የፈታ ሊመስል ይችላል፤ የትራፊክ መጠን ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፍ እንዲደርስ የተዘጋጀው ማስጠንቀቂያም ሳይመጣ ሊቀር ይችላል።

ለዚህም ሲባል በፈጣን መስመሮች ላይ ባለ 64 ቢት ቆጣሪ ይመረጣል። እሱን ለማንበብ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው የኤስኤንኤምፒ ስሪት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው አያውቀውም።

እስቲ አስሉ፦ በ10 ጊጋቢት መስመር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በስንት ሴኮንድ ይሞላል? 1 ባይት 8 ቢት መሆኑን አትርሱ።