የመካ ሙቀትና የሑጃጆች ጤና

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ድርቅን ወይም ጎርፍን ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ወደ አላህ ቤት የምንሸኛቸውን እናትና አባቶቻችንን ይመለከታል።

በ1445 ዓመተ ሒጅራ ሐጅ (ሰኔ 2016 ዓ.ም.) በመስጂደል ሐራም ጥላ ሥር የተለካው ሙቀት 51.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። ከመቶ 83ቱ ያለ ፈቃድ የሄዱና ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። በደላላ በኩል ለመሄድ ያሰበ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት።

«ሙቀት ድሮም ነበረ» የሚል አይጠፋም። ነበረ፤ ነገር ግን የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ የመካ አየር ባለፉት አርባ ዓመታት በየአሥር ዓመቱ በ0.4 ዲግሪ ያህል እየጨመረ መጥቷል። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ወደ ቀዝቃዛው ወራት እየተጠጋ ነው። ከ2040 ዓ.ም. በኋላ ግን ተመልሶ ወደ ከባዱ ሙቀት ይገባል። ዛሬ ጎልማሳ የሆንን ያኔ አረጋውያን ነን።

የውጭው አየር ከቆዳችን ሙቀት ሲበልጥ ሰውነታችን ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ብቻ ነው። ላብ ደግሞ ውኃና ጨው ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ለደም ግፊት የሚታዘዙ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም ውኃውን ያሟጥጣሉ። እናትዎ «አልጠማኝም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ የሰውነታቸው ውኃ ግን አልቆ ሊሆን ይችላል። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀትን ለመልመድም አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰዓት በኋላ እያረፉ ቀስ ብለው ይጀምሩ።

ከጉዞው በፊት መድኃኒታቸውን ለሐኪም ያሳዩ። ሳይጠሙ ጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ፤ ሽንት ከጠቆረ ውኃ ጎድሏል ማለት ነው። ብዙ ላብ ለሚያልባቸው ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) በሻንጣ መያዝ ጥሩ ነው፤ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢሕራም ያደረገ ወንድ ራሱን በኮፍያ ባይሸፍንም ጃንጥላ መያዝ ይችላል። ጠጠር መወርወር ላቃተው ደካማ ሰው ወኪል ማድረግ ተፈቅዷል፤ «ካልሄድኩ» ብለው ለሚያስቸግሩ አባቶች በተለይ ይህን ያስታውሷቸው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ ወዲያው ጥላ ውስጥ ያሳርፏቸው፣ ውኃም ይስጧቸው። ንግግር ከተምታታ ወይም ሰውየው ከወደቀ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሊሆን ስለሚችል የሕክምና እርዳታ ይጥሩ። እስኪደርስ ድረስ ገላውን በውኃ አርሰው ያራግቡለት፤ በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለው አንገቱና ብብቱ ሥር ያድርጉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ውኃ አይጨምሩ፤ የዘምዘምም ቢሆን።