ሰማያዊው ፓፍ ብቻውን

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተካሄደው 78ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሳንባ ጤና አንድ ውሳኔ አሳልፏል። አገሮች የሳንባ ሕመሞችን በየፊናቸው ማከሙን ትተው በተቀናጀ አገልግሎት እንዲይዟቸው ይጠይቃል። መዘግየቱ ያስቆጫል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲኦፒዲ፣ ማለትም ሥር የሰደደው የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ ብቻውን 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። 70 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 90 በመቶ ያህሉ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ሲኦፒዲ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ሲጋራ ነው። በእኛ አገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ነበር። እዚህ ትልቁ ጠላት ማድ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት በሌለው ማድ ቤት እንጨትና ኩበት እያነደደች ከልጅነት እስከ እርጅና እንጀራ የጋገረች ሴት፣ ሲጋራ በአፏ ሳይዞር ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሊጎዳ ይችላል። ሳሉን «ብርድ ነው» ትለዋለች፤ ዳገት ሲያቅታት «ዕድሜ ነው» ይባላል። ስፓይሮሜትር ላይ በኃይል ብትተነፍስ የቧንቧዋ መጥበብ በደቂቃዎች ይለይ ነበር፤ መሣሪያው ግን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ እምብዛም የለም። የሳንባ ሐኪሞችም ቢሆኑ በቅርብ የመጡ ናቸው፦ በጥቁር አንበሳ የሳንባ ሕክምና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቲቢ ደግሞ ከዳነም በኋላ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ታማሚው ዳግም ሲያስል ቲቢው ተመልሶ ይሆናል ተብሎ ያለ ማስረጃ መድኃኒቱን እንደገና ሊጀምር ይችላል። ብሮንኪኤክታሲስ፣ የድንጋይ ፈላጮች ሲሊኮሲስና የሳንባ ፋይብሮሲስም ሥር ከሰደዱት የሳንባ ሕመሞች ቤተሰብ ናቸው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን አስም ነው፤ መድኃኒቱ እያለ ሰው ይሞትበታልና። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ይከፍታል፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ሆኖም የቧንቧውን መቆጣት፣ የበሽታውን ሥር፣ አይነካም። ያንን የሚያበርደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ስቴሮይድ ያለው ፓፍ ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሐኪሞች ቀላል ለሚባል አስም ሰማያዊውን ብቻ ሲያዙ ኖሩ።

የማስጠንቀቂያው ደወል የተሰማው ከኒው ዚላንድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ፌኖቴሮል የተባለ ጠንካራ ቧንቧ ከፋች ፓፍ ሲገባ የአስም ሞት አሻቀበ። እነ ሪቻርድ ቢዝሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ግንኙነቱን ሲያሳዩ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ መድኃኒቱ ሲገደብ ግን ሞቱ ቀነሰ። ይኸው ቢዝሊ ከ30 ዓመት በኋላ ሳልቡታሞልን ብቻ መጠቀምን ስቴሮይድ ካለበት ቅይጥ ፓፍ ጋር ካወዳደሩት ተመራማሪዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም ቡዴሶናይድ የተባለ ስቴሮይድና ፎርሞቴሮል የተባለ ቧንቧ ከፋች የተቀየጡበት ፓፍ ሲያስፈልግ ብቻ ሲወሰድ፣ ቧንቧ ከፋች ብቻ ከመውሰድ ጋር ሲነጻጸር ከባድ የአስም መነሳትን በ64 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 አቋሙን ለወጠ፦ አዋቂም ጎረምሳም በሰማያዊው ብቻ አይታከም። በእኔ እምነት በዘርፉ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ በዘመናችን አልታየም።

ለውጡ ግን ወደ ሰፈራችን ፋርማሲ በቅጡ አልደረሰም። ሳልቡታሞል በቀላሉ ይገኛል፤ ስቴሮይድ ያለው ይጠፋል፣ ሲገኝም ይወደዳል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬም ሰውን ያሸሻል። ሱስ አያስይዝም። ስቴሮይድ ፈርቶ ፓፉን የተወ ሰው ሲብስበት ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በቀን 40 ሚሊግራም ይውጣል፤ ይህ በክብደት 200 ማይክሮግራም ስቴሮይድ ካለው አንድ የፓፍ መሳብ 200 እጥፍ ነው።

አሳሳቡም ትልቅ ነገር ነው። ብዙው ሰው ፓፉን ተጭኖ ዘግይቶ ስለሚስብ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ለልጆች የግማሽ ሊትር ሃይላንድ መፍትሔ ይሆናል፦ የታጠበው ፕላስቲክ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ፓፉ እዚያ ይሰካል፣ ልጁም በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። የደቡብ አፍሪካዋ ሐኪም ሄዘር ዛር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ፋብሪካ ከሠራው የፓፍ መሳቢያ ዕቃ እኩል ጠቅሟል። ስቴሮይዱን ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ አይረሳ።

አስም ያለብህ ወይም ያለብሽ አንባቢ፣ ሰማያዊው ፓፍ ከእጅ አይጥፋ፤ ትንፋሽ ሲያጥር ይሳብ። ነገር ግን በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ ካለቀ አስሙ አልተያዘም ማለት ነውና፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስቴሮይድ ያለው ፓፍ ለምን እንዳልታዘዘ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ።